የሞረዱ ጥርሶች

መስመሮቹ አልጠፋ አሉ።

ጄኔራሏ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦውን አስቀመጠችና ቢላውን ወደ ፀሐይ አዘንብላ አየችው። ከእጀታው አጠገብ፣ ዝገቱ በለቀቀበት ቦታ፣ ቀጫጭን መስመሮች እርስ በርስ እየተቋረጡ ብቅ ብለዋል። ከግማሽ ሰዓት በፊት አልነበሩም። ከግማሽ ሰዓት በፊት የነበረው ዝገት ብቻ ነው፤ ዝገት ይዞ ኤግዚቢሽን አይኬድም ብላ ነው ሽቦና አመድ ይዛ ጓሮ የተቀመጠችው። መስመሮቹን ለማጥፋት ደግማ ፈገፈገች። ይባስ ብለው ቁልጭ አሉ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች። «ቧጨርኩት!»

ጄኔራሏ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። የጦር ሜዳ ይቅርና የትምህርት ቤቱን የስፖርት ሜዳ እንኳ አንድ ዙር ሮጣ ጨርሳ አታውቅም። ስሙ የወጣላት በዚሁ ቢላ ምክንያት ነው። የታሪክ መምህራቸው «ከየቤታችሁ አንድ አንድ አሮጌ ዕቃ ከነታሪኩ ታመጣላችሁ» ያሉ ዕለት ማንም ሳይቀድማት ብድግ ብላ አፏን ሞልታ ተናገረች። የአያቷ አባት ጦርነት ላይ ጀብዱ ሲሠራ ያየ አንድ ታላቅ የጦር አዛዥ፣ ቢላውን ከገዛ ወገቡ ፈትቶ «ላንተ ነው የሚገባው» ብሎ ሸለመው። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያን ቀን ወዲህ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ጄኔራል ሆና ቀረች። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏታል። በፊትማ «አባትሽ ምንድን ነው የሚሠራው?» ሲሏት «ኮንስትራክሽን ላይ ነው» ብላ ወሬ የምታስቀይር ልጅ ነበረች። አባቷ በያጅ ነው። የብረት በርና መስኮት ይሠራል።

ቢላውን ያወረሷት አያቷ ናቸው። ባለፈው ዓመት ከመሞታቸው በፊት ቤቱን ለልጆቻቸው፣ የብረት ሥራ መሣሪያቸውን ለአባቷ ሰጡና ወደ እሷ ዞረው «ቢላው ለዚህች ይሁን። መጠየቅ የምታውቅ እሷ ናት» አሉ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል ቤተሰቡ ሳቀ፤ ልጅቷ «ለምን?» እያለች ሰው ስታደርቅ ነው ያደገችው።

መምህሩ ሁለት ነገር አዘዋል። ዕቃውን የሚያውቅ ሰው አይቶት የጻፈው ወረቀት ይኑር፤ ስለት ያለው ነገር ደግሞ በወላጅ እጅ ይምጣ። ለወላጁ ችግር የለም፣ አክስቷን ለምናታለች። አክስቷ ዘናጭ ናት፣ ሰው ፊት መናገር ትችልበታለች፣ የአዛዡንም ታሪክ እንደ እሷ አሳምሮ የሚያወራው የለም። የቀረው ወረቀቱ ነው። ኤግዚቢሽኑ ሰኞ ነው፤ ዛሬ ቅዳሜ፤ ቢላው ደግሞ ተቧጨረ።

ያኔ ነው ቀጮ በአጥሩ በር አንገቷን ያስገባችው። ቀጮ ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ሰውነቷ ቀጭን፣ ወሬዋ ወፍራም።

«ጄኔራል! አንሄድም እንዴ? ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ?»

«ተበላሁ። እይው።»

ቀጮ ቢላውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ያው ቢላ ነው። ኧረ አታካብጂ! ሰውየው አርጅተዋል፣ መስመር ይታያቸዋል ብለሽ ነው?»

ሰውየው አሮጌ ዕቃ ገማች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሙዚየም ዕቃ ቤት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ከገበያው ጀርባ ጠባብ ሱቅ ከፈቱ። ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ ሁለቱ እንኳ በአንድ ነገር አይስማሙም። በሩ ላይ በትልልቁ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፦ «ዕቃዎን ከማጽዳትዎ በፊት ያማክሩን።» ጄኔራሏ አንብባው በሩ ላይ ቆመች። ቀጮ ግን ከኋላ ገፍታ አስገባቻት።

ገማቹ ጨርቁን ፈቱና ቢላውን በመብራት ሥር አደረጉት። አገላብጠው አዩት።

«ማነው የፈገፈገው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«በምን?»

«በድስት ሽቦ… እና በአመድ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «የኔ ልጅ፣ ይኼ ነገር ሽሮ የተቀቀለበት መሰለሽ?»

ቀጮ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ሰዓቶቹ ዞረች። ጄኔራሏ ግን እንባዋ መጣ። «ይቅርታ፣ ጋሼ። ለማሳመር ብዬ ነው። መስመሮቹን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ይጠፋሉ?»

«የትኞቹን መስመሮች?» ጎንበስ ብለው በማጉያ መነጽር አዩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ። መሳቢያ ከፍተው አንድ የዛገ የብረት ሞረድ አወጡና ከቢላው ጎን አስተኙት። «ነይ፣ አንቺው እይ።»

አየች። በሞረዱ ገላ ላይ ያሉት ጥርሶች በእኩል ርቀት ተሰልፈው እርስ በርስ ይቋረጣሉ። የቢላውም መስመሮች ልክ እንደዚያው ናቸው፤ ደከም፣ ተኛ ያሉ ብቻ።

«እነዚህን የቧጨርሻቸው አንቺ አይደለሽም» አሉ ገማቹ። «ብትፈልጊም አትችይም። የእጅ ጭረት እንዲህ በሰልፍ አይቆምም። ይህ ቢላ፣ ቢላ ከመሆኑ በፊት ሞረድ ነበር። ሞረዱ ሲያረጅ አንድ አንጥረኛ በእሳት አግሎ ቀጠቀጠውና ቢላ አደረገው። ጥርሶቹ በመዶሻ ተኙ እንጂ አልሞቱም። ባትፈገፍጊው ኖሮ እኔም አላያቸውም ነበር። ይህን ስላልኩሽ ግን ሌላ ዕቃ እንዳትፈገፍጊ!»

ጄኔራሏ በእፎይታ ተነፈሰች። ከዚያ ነገሩ ገባትና እፎይታው መንገድ ላይ ቀረ። «ቆይ ጋሼ… የጦር አዛዥ እንዴት ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ ቢላ ይታጠቃል?»

«የምን የጦር አዛዥ?»

ነገረቻቸው። ሰውየው አቋርጠው አልሳቁባትም፤ እስክትጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ቢላውን እጇ ላይ አስቀመጡት። «የሽልማት ቢላ ለዓይን ነው የሚሠራው። ይኼ ለእጅ ነው የተሠራው። ስለቱ መሐሉ ላይ የቀጠነው በመሳል ብዛት ነው። የቀንዱ እጀታ እዚህ ጋ የጎደጎደው አውራ ጣት ዕድሜ ልኩን ስለተጫነው ነው። ይህ የሥራ ቢላ ነው፣ ያውም የጎበዝ ሠራተኛ። የአዛዡን ነገር ግን… ደብዳቤ አለ? ፎቶ?»

«የለም። አክስቴ ናት የነገረችኝ።»

«አክስትሽስ ከማን ሰማች?»

መጠየቅ የምታውቀው ልጅ ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ገማቹ። ጥጥ በዘይት ነክረው በስለቱና በእጀታው መገናኛ ላይ በቀስታ አሹ። ሦስት ጥቃቅን ነጥቦችና ከሥራቸው ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ምልክት ወጣች። «እዩት! ሠሪው ፈርሞበታል።»

ከዚያ ወፍራም ካርድ አንሥተው በደማቅ ቀለም ጻፉ። «ዕቃው፦ የሥራ ቢላ። የተሠራበት፦ ከአሮጌ ሞረድ፣ የቀንድ እጀታ። ዕድሜው፦ ሰማንያ ዓመትና ከዚያ በላይ። ሠሪው፦» ብለው ብዕራቸውን አነሡ። ያንን መስመር ባዶ ተዉት።

«ዋጋውስ ስንት ያወጣል?» አለች ቀጮ፤ ከመጣች ጀምሮ ይህ ነበር ያንቆራጠጣት።

«የአዛዥ መሆኑ በወረቀት ቢረጋገጥ ሱቄን ከነሰዓቶቹ ትገዙበት ነበር። እንዲህ እንዳለ ግን የአንድ ጥሩ ጫማ ዋጋ ነው። ከድስት ሽቦው በኋላ ደግሞ የግራው እግር ብቻ።» ፈገግ አሉና መልሰው ኮስተር አሉ። «ሠሪው ከታወቀ ግን ሌላ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት የሹማምንት ሰይፍ ስመዘግብ ኖሬአለሁ። ማን እንደታጠቀው ሁሉም ይነግረኛል። ማን እንደሠራው የነገረኝ ሰው ግን አንድም የለም።»

መንገድ ላይ ጄኔራሏ ዝም አለች፤ ቀጮ ለሁለት አወራች።

«ስሚ፣ ማን ያውቃል? አንቺ፣ እኔና ሽማግሌው። እኔ ትንፍሽ አልልም። ሽማግሌው ትምህርት ቤት አይመጡም። ካርዱን ትተሽ ቢላውን ብቻ ታቀርቢያለሽ። ዝም አይነቅዝም!»

«ወረቀት ያስፈልጋል ተብሏል እኮ።»

«ጠፋብኝ ትያለሻ! ‹የሞረድ ጄኔራል› ሊሉሽ ነው እንዴ የምትፈልጊው? ደሞ ያኛው ጽሑፍ ያምራል።»

ያኛው ጽሑፍ ቀድሞ ታትሟል። ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት በወርቃማ ቀለም ያሠራችው ነው፦ «ከታላቅ የጦር አዛዥ የተሰጠ ሽልማት።» ጄኔራሏ ስታስበው የቀጮ ምክር መጥፎ አልመሰላትም። ይህን ያህል ዓመት ሲነገር የኖረ ታሪክ እስከ ሰኞ ቢቆይ ማንን ይጎዳል? «እሺ፣ አስብበታለሁ» ልትል ነበር።

ቀጮ ቤቷ ደርሳ የግቢያቸውን የብረት በር ገፋችው። በሩ ሲዞር ማጠፊያው ከጄኔራሏ ዓይን ፊት ለፊት መጣ። ማጠፊያው ላይ ሦስት ነጥቦች አሉ። ከሥራቸው ግማሽ ጨረቃ።

«ቀጮ፣ ይህን በር ማን ነው የሠራላችሁ?»

«ምን ማለትሽ ነው? አባትሽ ነዋ!»

የአባቷ ብየዳ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ጄኔራሏ ሮጣ ደረሰች፤ ቀጮ ተከተለቻት። አባቷ ቱታውን ለብሶ የመስኮት ፍሬም ሞርሳ ላይ አሥሮ ይሠራል። ሲያያቸው ጭንብሉን አነሣ።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«አባዬ፣ በር ስትሠራ ማጠፊያው ላይ የምትመታው ምልክት አለ አይደል? በምንድን ነው የምትመታው?»

አባቷ ግራ ገብቶት ከመደርደሪያው ላይ የብረት ጣሳ አወረደ። ከሚስማሮቹ መሐል ጣት የምታህል፣ አናቷ በመዶሻ ብዛት የተፈረከሰ ብረት አወጣ። «በዚህች ነዋ። የአባቴ ናት፤ ለእሱም አባቱ ነው የሰጠው። ‹ሥራህን ስትጨርስ ምታበት፤ ካላማረህ ግን እንዳትመታበት› ይለኝ ነበር። እስቲ እያት፣ ሁለተኛዋ ነጥብ ጎኗ ተሸርፏል። ስንቴ ልሞርዳት አስቤ እጄ እንቢ አለኝ።»

ጄኔራሏ ጨርቁን ፈታች። አባቷ ቢላውን ከመንካቱ በፊት እጁን በቱታው ጠረገ፣ አየው፣ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ የብረቷን ጫፍ በስለቱ ምልክት ላይ በቀስታ አስቀመጣት። ቁልፍ ቀዳዳውን እንዳገኘ ሁሉ ገጥማ ተቀመጠች። ሁለተኛዋ ነጥብ እንኳ ከነሽራፏ ገጠመች።

ቀጮ ራሷ ዝም አለች፤ ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ነው።

«የአያቴ ሥራ ነው» አለ አባቷ። «ሰጡት ሲባል እሰማ ነበር እንጂ… ራሱ ነው የሠራው። ይህን ስለት እዪው! ሞረድ ቀጥቅጦ እንዲህ ማቅጠን ቀልድ መሰለሽ? እኔ በዘንድሮ መሣሪያ አላወጣውም።» ቢላውን ጨበጠው። አውራ ጣቱ የቀንዱ እጀታ ላይ ካለችው ጎድጓዳ ውስጥ ሳይፈልጋት ገባ።

ጄኔራሏ ያንን ጣት አየች። ጥፍሩ የጠቆረ፣ ብልጭታ ያቃጠለው ጣት ነው፤ ሰው ፊት እንዳይታይባት ስትሳቀቅበት የኖረችው። ቀጮ ቤት ስንት ጊዜ ገብታ ወጥታለች፣ እሱ የሠራቸውን የባንኩን በር፣ የጤና ጣቢያውን አጥር ስንት ጊዜ አልፋለች። ያ ሁሉ ማጠፊያ ፊርማ ነበረው። ኮራች። ደንግጣ ኮራች፤ ክፍሉ ያጨበጨበላት ዕለት እንኳ ልቧ እንዲህ አልሞላም።

«ታዲያ የአዛዡን ታሪክ ማን አመጣው?» አለች።

«እንጃ፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ የሰማሁት እሱን ነው። አክስትሽን ጠይቂያት፤ ታላቅ እሷ ናት።»

አክስቷ ሳሎን ውስጥ ለሰኞ የምትለብሰውን ቀሚስ ትተኩሳለች። ጄኔራሏ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። በመጨረሻ የገማቹን ጥያቄ ጠየቀች።

«አክስቴ፣ አንቺ ከማን ሰማሽው?»

አክስቷ ካውያውን አቆመችው። መልሱን ስትፈልግ አይደለም፤ መልሱ ለዓመታት አፏ ላይ የነበረ ይመስላል።

«ከማንም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«አንቺ?»

«አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ የተሰበረ የትምህርት ቤት ወንበር ሊጠግን ክፍላችን መጣ፤ እንደ አባትሽ ቱታ እንኳ የለውም፣ ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ። ሲወጣ ልጆቹ ሳቁብኝ። ‹ጥላሸት› እያሉ መከራዬን አበሉኝ። በነጋታው ‹አባቴ የጀግና ልጅ ነው፣ አዛዥ የሸለመው ቢላ አለን› አልኳቸው። ዝም አሉ። ደስ አለኝ። አስተማሪያችን ግን አምናኝ፣ አባቴን መንገድ ላይ አግኝታ እንኳን ደስ ያለህ አለችው።»

«አያቴ ምን አሉ?»

«ምንም አላለ።» አክስቷ ቀሚሱን አጥፋ መልሳ ዘረጋችው። «በዚያን ዕለት ቢላውን ከሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ አወረደው። በየቀኑ የሚሠራበት ቢላ ነው፤ ቆዳ ይቆርጥበታል፣ ወናፉን ይጠግንበታል። በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አስገባው። የአዛዥ ስጦታ ቆዳ ሲቆርጥ ሰው ቢያይ እኔ እንዳላፍር ነው። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ አልሠራበትም። ይገባሻል? የአባቱን ሥራ፣ የአባቱን ቢላ፣ ለእኔ ውሸት ብሎ ዝገት አስበላው።»

እንባዋ ቀሚሱ ላይ ጠብ አለ። ጄኔራሏ አጠገቧ ሄዳ ቆመች።

«ስንቴ ‹አባዬ ይቅር በለኝ› ልለው ነበር። ነገ እያልኩ ሞተ። ቢላውን ለአንቺ ሲሰጥ ሁላችሁ ሳቃችሁ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። መጠየቅ የምታውቅ ሲል ወደ እኔ ነበር የሚያየው።» ፊቷን በእጇ ጠረገች። «ሰኞ ልምጣ አልምጣ አንቺው ወስኚ። ከመጣሁ የማወራው ያንኑ የአዛዡን ታሪክ ነው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጄኔራሏ የገማቹን ካርድ ከፊቷ አድርጋ ተቀመጠች። የባዶው መስመር ጉዳይ አልነበረም ያስቸገራት፤ እሱን ታውቀዋለች። ያስቸገራት ክፍሉ ነው። ‹ጄኔራል› ሲሏት የሚሞቃት ነገር፣ ሰኞ ጠዋት እንደሚሳቅበት ታያት። ‹ጥላሸት› የሚለው ስም ለእሷም ተዘጋጅቶ ቢጠብቅስ? ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ጓሮ ወጣች፤ አባቷ ውሃ አፍስሶ እጁን ሲታጠብ ደረሰችበት።

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት ሥራ አለህ?»

«የሚገጠም በር አለኝ። ምነው?»

«ቢላውን ትምህርት ቤት የምትወስድልኝ አንተ ነህ። ያቺን ብረትም ያዛት። አንድ ሁለት ቁራጭ ብረትና መዶሻም።»

አባቷ እጁን መታጠቡን ተወ። «አክስትሽ አይደለች እንዴ የምትሄደው? እኔ ሰው ፊት መናገር…»

«አትናገርም፤ እኔ እናገራለሁ። አንተ ምልክቱን ትመታለህ።»

ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በቀድሞ ዘመን ሬዲዮ፣ በእጅ ሰዓትና በቢጫ ፎቶ ተሞልቷል። ጄኔራሏ ቀድማ ገብታ የተሰጣትን ጠረጴዛ በነጭ ጨርቅ አለበሰች። ወርቃማውን ጽሑፍ ከቦርሳዋ አወጣች፣ አንድ ጊዜ አነበበችው፣ አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። በቦታው የገማቹን ካርድ አቆመች። ባዶው መስመር ላይ በራሷ እጅ ጽሑፍ ሞልታዋለች፦ «ሠሪው፦ የአያቴ አባት፣ ብረት ቀጥቃጭ።» ከሥሩ ሦስት ነጥብና ግማሽ ጨረቃ ሥላለች፤ ሁለተኛዋን ነጥብ ጎኗን ሸረፍ አድርጋ።

«ጄኔራል! ሽልማቱስ?» አለ አንድ ልጅ ከወዲያኛው ጠረጴዛ። ሁለት ሦስት ልጆች ሊያዩ ተጠጉ። ቀጮ ከመሐላቸው ቆማ ጄኔራሏን አየቻት፣ ካርዱን አየች፣ ከዚያ «ቆዩ ጠብቁ፣ የምታዩት ነገር አለ» አለቻቸው።

በመስኮቱ በኩል አባቷ ይታያል። የሥራ ቱታውን ለብሷል፤ ታጥቧል፣ ግን ቱታ ነው። የመሣሪያ ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ቢላ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከግቢው በር ውጭ ቆሟል። ባለፈው ዓመት ልጆቹ እንዳያዩት ብላ «እዚያ ጋ ጠብቀኝ» ያለችው ቦታ ላይ ነው፤ ዛሬ ማንም ሳይነግረው እዚያው ቆሟል። ያንን ስታይ ልቧ ተሰበረ።

ሮጣ ወጣች።

«እንቺ፣ ልስጥሽና ልሂድ» አለ አባቷ፣ በአጠገቡ የሚያልፉትን ወላጆች ልብስ እያየ። «መምህሩ እዚህ ድረስ መጥተው ቢቀበሉኝ…»

«የት ትሄዳለህ? ሠሪውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለኝ እንዴ?» ጎንበስ ብላ የመሣሪያ ቦርሳውን አንዱን እጀታ ያዘች። ከባድ ነው። «ያኛውን ያዝ፣ አባዬ።»

ያዘ። ቦርሳውን በመሐላቸው አንጠልጥለው በዋናው በር ገቡ።